ተላላፊ በሽታ ንግድን ሲያቀዘቅዝ ጉዳቱ በሰው ሁሉ ላይ እኩል አለመድረሱን የሚያስረዳ ትምህርት

ይህ ትምህርት አገር እንዲያስተዳድሩ ለተሾሙ ገዥዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ መሬቶች የተጻፈ ነው።

ተላላፊ በሽታ ወደ አንድ አገር በገባ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሞት ባለጠጋውንና ድኻውን አይለይም የሚል ነው። ስለ ሞት ሲናገሩ ይህ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል። በሽታውን ተከትሎ ስለሚመጣው የንግድ መቀዝቀዝና የኑሮ መጥበብ ግን እንዲህ ማለት አይቻልም። እርሱ ሰውን እየለየ ይሄዳል፤ አንዱን ቤት አልፎ ሌላውን ያፈርሳል፤ ሦስተኛውን ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ ባለጠጋ ያደርገዋል።

እኛ በመሥሪያ ቤት ተቀምጠን መዝገብ የምንጽፍ ሰዎች ግን ይህን ልዩነት የሚሸፍን አንድ ልማድ አለብን። ዓመቱ ሲያልቅ «አገሩ ተጎድቷል» ወይም «አገሩ ደኅና ነው» ብለን እንጽፋለን። አገር ግን እንደ ሰው አንድ ሆድ የለውም። የሚራበው ቤት ነው፤ በሬውን የሚሸጠውም ቤት ነው። ስለዚህ ሹም የሆነ ሰው የትኛው ቤት፥ በየትኛው ወር፥ በምን ምክንያት እንደሚጎዳ አስቀድሞ ካላወቀ፥ ርዳታውን ጊዜው ካለፈ በኋላ ለማያስፈልገው ሰው ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ የአውሮፓ አቆጣጠር ተብሎ ካልተለየ በቀር ዓመቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅ።

ሹም መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ፥ በሽታው የገደለው ምኑን ነው የሚል ነው። ሰውን ነውን? በሬን ነውን? ወይስ ገበያን? ምክንያቱም በአገር ውስጥ የጎደለው ነገር ዋጋው ይወደዳል፤ የተረፈው ነገር ይረክሳል። የጎደለውን በእጁ የያዘ ሰው ከመከራው ተጠቅሞ ይወጣል፤ የረከሰውን ብቻ የያዘ ግን ይከሥራል።

በእንግሊዝ አገር በ1348 በአውሮፓ አቆጣጠር የገባው ታላቁ ቸነፈር የገደለው ሰውን ነው። ከሕዝቡ ሲሦው ወይም ከዚያ የሚበልጠው እንደ ሞተ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። መሬቱ ግን አልሞተም። ስለዚህ መሬት ተረፈ፥ አራሽ ጎደለ፤ አጫጁም የቀን ዋጋው እንዲጨመርለት መጠየቅ ጀመረ። ባለ መሬቶቹም ወደ ንጉሣቸው ጮኹና በ1349 ትእዛዝ፥ በ1351 ደግሞ ሕግ ወጣላቸው፤ ሠራተኛ ሁሉ ከቸነፈሩ በፊት ይቀበል በነበረው ዋጋ እንዲሠራ፥ እንቢ ያለም እንዲቀጣ። ሕጉ ብዙ ሰው አስቀጣ እንጂ የደመወዙን ማደግ ሊያስቀረው አልቻለም። በ1381 ደግሞ አዲስ ግብር ተጨምሮበት ገበሬዎቹ ተነሥተው ሎንዶን ድረስ ገቡ። እንግዲህ በዚያ ቸነፈር ከሞት የተረፈው ድኻ ከበፊቱ የተሻለ ኑሮ አገኘ ማለት ነው። ይህ ግን ሁልጊዜ የሚሆን አይደለም፤ እንዲያውም ከተለመደው ውጭ ነው።

በእኛ አገር ክፉ ቀን በተባለው ዘመን ነገሩ ተገልብጦ ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ባሉት ዓመታት አገሩን ያጠፋው በመጀመሪያ የሰው በሽታ ሳይሆን የከብት በሽታ ነው። ባላገሩ ይህን በሽታ ደስታ ብሎ ይጠራዋል፤ ክፉውን ነገር በመልካም ስም መጥራት የሕዝባችን ልማድ ስለ ሆነ ይመስለኛል። ኢጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቡት ከብት ጋር እንደ መጣ ይነገራል። ከዐሥሩ ከብት ዘጠኙ አለቀ ተብሎ ይገመታል። የዝናብ ማነስ፥ አንበጣና ተምችም ተጨመሩበት። መሬቱ በቦታው ነበረ፤ ገበሬውም ሞፈሩንና ቀንበሩን እንደ ያዘ ነበረ፤ የሚጠመደው በሬ ግን ጠፋ።

ከዚህ የተነሣ የሚረክሰው ምን እንደ ሆነ አስቡ። የሰው ጉልበት ነው። በሬ የሌለው ገበሬ በዶማ ቢቈፍር በጥንድ በሬ ያርሰው ከነበረው ጥቂቱን እንኳ አያዳርስም። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፍረው ለመኳንንቱና ለሕዝቡ አርአያ የሆኑት፥ ጎተራቸውንም ያስከፈቱት በዚህ ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ዶማ ረኃብን ያዘገያል እንጂ በሬን አይተካም። ጉልበቱ ብቻ የቀረው ሰው ለዕለት እንጀራ ለሌላው አደረ፤ ከዚያም ብሶ ልጆቻቸውን የሸጡ ወላጆች እንደ ነበሩ ተጽፏል። በአንጻሩ አንድ ጥንድ በሬ የተረፈለት፥ ወይም በጎተራው እህል ያከማቸ ሰው፥ የጎረቤቱን መሬትና ጉልበት በፈለገው ዋጋ ለማግኘት የሚያግደው አልነበረም። በቈላው አገር ደግሞ ሌላ ልዩነት ነበረ። ደስታ ግመልን እንደ ላም አያጠቃም። ስለዚህ በግመል የሚኖረው ዘላን የወተቱንና የጭነቱን ከብት ይዞ ሲቀር፥ እንደ ቦረና በላም ብቻ የሚኖረው ሕዝብ ሀብቱን ሁሉ አጣ። አንድ በሽታ፥ አንድ ዘመን፥ ሁለት ዕድል።

ከክፉ ቀን በኋላ ምኒልክ ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ የሚበላውን ነገር ለማስቀረት አሥራት እንዲሰበሰብ ሥርዓት አወጡ። በሬ ያለቀበት ገበሬ ወታደር ሊቀልብ እንደማይችል ስላዩ ነው። በዚህ አጋጣሚ የደስታ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ እንደ ታወጀ ለማስታወስ እወዳለሁ፤ ኢትዮጵያም ከዚያ በፊት በ2000 ነጻ መሆኗ ተረጋግጧል። ይህ የከብት ሐኪሞቻችን ድካም ውጤት ነው፤ ሰው ግን እምብዛም አያመሰግናቸውም።

ስለ ኅዳር በሽታ ብዙ አልናገርም። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታው ያ ጉንፋን በዓለም ሁሉ ከሽማግሌው ይልቅ ጎልማሳውን ይገድል ስለ ነበረ፥ ከቤቱ የሚነሣው ዋናው ሠራተኛ ነበር። ኅዳርም የአጨዳ ወር ነውና የደረሰውን ጤፍ የሚሰበስብ ሰው ባጣው ቤት ምን እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም።

አሁን ብዙ የምናገርበት በ2012 ዓ.ም. ስለ መጣው የኮሮና በሽታ ነው። ይህ በሽታ በእኛ አገር በዋናነት የገደለው ገበያን ነው። ይህን ስል ሞቱን ማቃለሌ አይደለም፤ በመዝገብ የተጻፈው ሞት ብቻ ከ7500 ይበልጣል፥ ያልተጻፈም አለ። ነገር ግን በሽታው ገና ጥቂት ሰው ይዞ ሳለ ንግዱ ቀድሞ ቆመ። የመጀመሪያው በሽተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። እነዚህ ትእዛዞች ሕይወት ለማዳን የወጡ ናቸውና አልነቅፋቸውም። ያንዱ ትእዛዝ ክብደት ግን በሰው ሁሉ ትከሻ ላይ አንድ አልነበረም።

ከራሴ ልጀምር። እኔ የወር ደመወዝ የምቀበል ጸሐፊ ነኝ። በዚያ ወራት በየተራ ወደ ሥራ እንድንገባ ስለ ተደረገ አያሌ ቀን ቤቴ ተቀመጥሁ፤ ደመወዜ ግን አንድ ሳንቲም አልጎደለም። እንዲያውም የታክሲና የምሳ ወጪ ስለ ቀረልኝ፥ ሠርግም ተስካርም ስላልነበረ፥ ከወሩ መጨረሻ ገንዘብ ተረፈኝ፤ ይህ በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ አልደረሰብኝም። ከምሠራበት ግቢ በር አጠገብ ጀበና ይዛ ቡና የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። ሁለት ልጆች አሏት፤ የቤት ኪራይ ትከፍላለች። ሠራተኛው ሲቀር ቡናዋን የሚጠጣ ጠፋ። በሚያዝያ ወር አንድ ቀን በመንገድ አገኘኋትና እንዴት ነሽ ብዬ ብጠይቃት፥ «ጋሼ፥ እናንተ ቤት ስትቀመጡ ወሩ ይቈጠርላችኋል፤ እኔ ቤት ስቀመጥ ቀኑ ይቈጠርብኛል» አለችኝ። ስለዚህ ነገር ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ አሳጥሮ የተናገረ ግን አላገኘሁም።

የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭኑ በታዘዘ ጊዜ ዋጋው እጥፍ እንዲሆን ተፈቀደ። በራሱ መኪና የሚሄደው ሰው ይህን አላወቀውም። ከከተማው ዳር እየመጣ በቀን ሥራ የሚያድረው ግን፥ ሥራው ባነሰበት ወር የመንገዱን ዋጋ እጥፍ ከፈለ። የሠርግ ወራት የሆኑት ሚያዝያና ግንቦት ያለ ሠርግ ሲያልፉ፥ ድንኳን የሚያከራየው፥ ጠጅ የምትጥለው፥ እንጀራ የምትጋግረው፥ ማሲንቆ የሚመታው ሁሉ የዓመቱን ገቢ አጡ። እቁብም በብዙ ቦታ ተቋረጠ፤ የተቋረጠውም ለድኻው ገንዘብ በሚያስፈልግበት በዚያው ጊዜ ነው። ባለጠጋው ባንክ አለው፤ የድኻው ባንክ መሰብሰብ ነው፤ መሰብሰብ ደግሞ ተከልክሏል።

በአበባ እርሻዎች የሆነውን የግብርና ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። በመጋቢት ወር የአውሮፓ ገበያ በድንገት ሲዘጋ በሆላንድ አገር የአበባ ዋጋ ወደቀ፤ የተቈረጠውም አበባ ተጣለ። አበባ እንደ ስንዴ ጎተራ የሚገባ ነገር አይደለም። በእነዚህ እርሻዎች ከሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በሐዋሳ ባለው የኢንዱስትሪ ፓርክም ልብስ የሚሰፉት በብዛት ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ናቸው፤ የውጭ አገር ነጋዴዎች ያዘዙትን ልብስ ሲተዉ የመጀመሪያው ጉዳት በእነርሱ ላይ ወረደ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን የመንገደኛ አውሮፕላኖቹን ወንበር እያነሣ ዕቃ መጫኛ አድርጎ ራሱን አዳነ። ይህ የሚመሰገን ብልሃት ነው፤ ሥራውን መለወጥ የሚችል ሀብት ያለው ድርጅት ከመከራ እንዴት እንደሚወጣም ያሳያል። ጀበናና አምስት ስኒ ብቻ ያላት ሴት ምኗን ትለውጥ?

ጉዳቱ ከባሕር ማዶም መጣ። በገጠር አያሌ ቤት በዐረብ አገር በምትሠራ ልጅ ገንዘብ እንደሚተዳደር እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። በሚያዝያ ወር ከሳዑዲ ዐረብያ በሺህ የሚቈጠሩ ወገኖቻችን ተባርረው መጡ። በሊባኖስ ደግሞ የአገሩ ገንዘብ ወድቆ ንግዱም ቆሞ ስለ ነበረ፥ በግንቦትና በሰኔ የቤት አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ያለ ደመወዝ አምጥተው በቤይሩት በቆንስላችን ደጅ ጥለዋቸው ሄዱ። የእነዚህ ልጆች ወላጆች የሚኖሩት በእናንተ ወረዳ ነው፤ በወረዳው መዝገብ ግን በበሽታው የተጎዱ ተብለው የተጻፉበት ቦታ አላየሁም።

በዓለም ሁሉ የሆነውም ከዚህ የራቀ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት እንደ ቈጠረው፥ በ2020 በአውሮፓ አቆጣጠር በዓለም ሁሉ ከሚሠራው የሥራ ሰዓት ከመቶ 8.8 እጅ ጠፋ፤ ይህም ሙሉ ጊዜ የሚሠሩ የ255 ሚሊዮን ሰዎች ሥራ ያህል ነው። ሥራ ከነበራቸው ሴቶች ከመቶ 5፥ ከወንዶች ከመቶ 3.9 ሥራቸውን አጡ። የዓለም ባንክም በዚያው ዓመት 70 ሚሊዮን ያህል ሰው ወደ ጽኑ ድኽነት እንደ ገባ ገምቷል። በአሜሪካ በሚያዝያ ወር ሥራ ፈቱ ከመቶ 14 በላይ ሲደርስ፥ የአክሲዮን ገበያው ግን በመጋቢት ወድቆ በነሐሴ ወደ ነበረበት ከፍታ ተመለሰ። በወረቀት ሀብት ያለው ሰው አምስት ወር ጠበቀና ሀብቱ ተመለሰለት፤ በእጁ የሚሠራው ግን አምስት ወር መጠበቅ አይችልም። ክትባቱ እንኳ በባለጠጎቹ አገሮች ታኅሣሥ ላይ መሰጠት ሲጀምር፥ ለእኛ የመጀመሪያው ጭነት የደረሰው የካቲት 28 ቀን 2013 ነው።

አሁን ወደ እርሻ እንመለስ። በ2012 የበጀት ዓመት የአገሪቱ ሀብት ከመቶ 6.1 እንዳደገ በመንግሥት ሒሳብ ተጽፏል። ይህ ቍጥር ሐሰት ነው አልልም። ብዙው እርሻ አልቆመምና፥ ዝናቡም ከሞላ ጎደል መልካም ነበርና። ነገር ግን በዚያው ዓመት አንበጣ ከ25 ዓመት ወዲህ ያልታየ ሆኖ መጣ፤ የዕቃ ዋጋም ከመቶ 20 ያህል ጨመረ። እንግዲህ አንድ ሹም 6.1 የሚለውን ብቻ ቢያይ፥ በወረዳው ማንም አልተጎዳም ብሎ ይተኛል።

ብዙ ሰው የእህል ዋጋ ሲወደድ ገበሬው ይጠቀማል ብሎ ያስባል። ይህ ስሕተት ስለ ሆነ ጥቂት ላብራራው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰብል ሲሰበሰብ ሁሉም ይሸጣልና ዋጋ ይረክሳል። ግብርና የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ትንሽ ገበሬ መሸጥ ያለበት በዚህ ጊዜ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ባዶ ሲሆን ይኸው ገበሬ ራሱ እህል ሊገዛ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። በርካሽ የሸጠውን በውድ ይገዛዋል። ሰፊ መሬትና ጥሩ ጎተራ ያለው ብቻ እስከ ነሐሴ ጠብቆ ይሸጣል። ስለዚህ የእህል መወደድ ገበሬ በሚባለው ሰው ሁሉ ላይ አንድ ነገር አያደርግም፤ መጠበቅ የሚችለውን ያነሣል፥ መጠበቅ የማይችለውን ይጥላል። የሚሸጠው ነገርም ይለያል። ቲማቲምና ወተት ለነገ አያድሩም፤ ጤፍ ግን ዓመት ይቈያል። በሽታው በመጣ ሰሞን ሰው ጥሬ አትክልት መብላት ፈርቶ ስለ ነበረ፥ ባለ ቲማቲሙ በተሰጠው ዋጋ ከመሸጥ ወይም ከመጣል በቀር ምርጫ አልነበረውም።

ገንዘብ ያጣ ቤት በመጀመሪያ ዶሮውን ይሸጣል፤ ቀጥሎ በጉን፤ በመጨረሻ በሬውን። ዶሮና በግ ሲሸጡ ቤቱ ይጠባል እንጂ አይፈርስም። በሬ በግንቦት ከተሸጠ ግን ሰኔ ሲገባ መሬቱ የሚታረስበት የለም። ያን ጊዜ ባለ ቤቱ መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል፥ አንዳንዴም ከእኩል ባነሰ ይሰጣል። በኅዳር የሚያገኘው ግማሽ ምርት ለዓመት አይበቃውምና በሬ መግዣ አያተርፍም፤ በሚመጣው ዓመትም መልሶ ይሰጣል። ንግዱ የቀዘቀዘው ለስድስት ወር ሊሆን ይችላል፤ በሬ አልባ የሆነው ቤት ግን በስድስት ዓመትም ላይነሣ ይችላል።

በዚህ ነገር «ባለ መሬት» የሚለው ቃል እንዳያሳስተን። ከ1967 የመሬት አዋጅ በፊት ባለ መሬት ማለት ባለጠጋ፥ አራሽ ማለት ድኻ ነበር። ዛሬ በብዙ ወረዳ ተገላቢጦሽ ሆኗል። መሬቷን በእኩል የምትሰጠው በሬም ወንድ ልጅም የሌላት መበለት ናት፤ በእኩል የሚያርሰው ሦስት ጥንድ በሬ ያለው ጎረቤቷ ነው። ስለዚህ በይዞታ መዝገብ ስሟ ስላለ ብቻ ርዳታ አያስፈልጋትም ብሎ ማለፍ ትልቅ ጥፋት ነው። በመከራ ጊዜ ከእንደዚህች ሴት ጋር የሚደረግ ውል ለብዙ ዓመት እንዳይሆን፥ በጽሑፍም ሆኖ በወረዳው እንዲመዘገብ መጠበቅ የሹሙ ሥራ ነው። በሬ ያላችሁም ሰዎች ሰኔ ላይ በእጃችሁ ያለው ኀይል ከገዥ ሥልጣን እንደማያንስ እወቁት።

ስለ ራሴ ጥፋት ሳልናገር ባልፍ ደግ አይሆንም። በዚያ ዓመት ከየወረዳው የሚመጣውን ወሬ ለመሰብሰብ የሚሆን ቅጽ እንዳዘጋጅ ታዝዤ ነበር። የታረሰውን መሬት፥ የተሰበሰበውን ኵንታል፥ በአንበጣ የጠፋውን ሰብል የሚያስጽፉ ዐምዶች አደረግሁ፤ ቅጹም ንጹሕ ነበርና ተመስገንሁበት። ወረቀቶቹ ሲመለሱ አንድ የወረዳ ጸሐፊ ዐምዶቹን ሁሉ በሥርዓት ሞልቶ፥ በኅዳጉ ላይ ግን በእርሳስ «እህል በገበያ አለ፤ የሚገዛበት ገንዘብ ግን በሰው እጅ የለም» ብሎ ጽፎ አገኘሁ። ለዚህ ቃል ቦታ አልነበረኝም። ኵንታሉን ደመርሁና ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር አስቀመጥሁት። ያ ሰው በአንድ መስመር የጻፈውን እኔ በሙሉ ቅጼ አላገኘሁትም ነበር።

ምን ሊደረግ ይችል ነበር ቢባል፥ የተደረገና የጠቀመ ነገር አለ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ርዳታ በገጠር ለብዙ ሚሊዮን ሰዎች ይደርስ ነበር። በ2012 የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፥ አስቀድመው በዚህ መዝገብ የገቡ ቤቶች በምግብ ማጣት የደረሰባቸው ጉዳት ካልገቡት እጅግ ያነሰ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስማቸው ተጽፎ፥ መክፈያው ተዘጋጅቶ ስለ ነበረ መከራው ሲመጣ አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም አላስፈለገም። የከተማው ቀን ሠራተኛ ግን በብዛት በማንኛውም መዝገብ አልነበረም።

የአስቸኳይ ጊዜው ደንብ ባለ ቤቶች ተከራዮቻቸውን እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ ከልክሎ ነበር፤ ይህም መልካም ነው። ዳሩ ግን በቃል ብቻ የተከራየ ሰው ደንቡን ጠቅሶ ሊከራከር አይችልም፤ ለብዙው ድኻ የቤት ኪራይ ውል ደግሞ የቃል ነው። ስለዚህ ደንብ ሲወጣ በቀበሌው ውስጥ በቃል የተከራዩትን ማወቅ ይገባል። ገበያንም መዝጋት ካስፈለገ፥ ከመዝጋት ይልቅ ወደ ሰፊ ቦታ ማዛወር ይሻላል። በአዲስ አበባ አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛውሮ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ጭቃው ነጋዴውን እጅግ አስቸገረው፤ ቢሆንም ገበሬው ሽንኵርቱን የሚያራግፍበት ቦታ አላጣም። የወረዳ ገበያ በአንድ ቃል በተዘጋባቸው ቦታዎች ግን ጅምላ ነጋዴው መኪናውን ይዞ ደጅ ድረስ እየሄደ በወደደው ዋጋ ገዛ።

ትምህርት ቤቶች እስከ ጥቅምት 2013 ተዘግተው በቈዩ ጊዜ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተሰጥቷል። ሬዲዮ በሌለበት ቤት ልጁ እረኛ ሆነ፤ ልጅቱም ለጋብቻ ተጠየቀች። በአማራ ክልል በነዚያ ወራት የልጆች ጋብቻ መብዛቱ ተነግሯል። ይህም ከኑሮ መጥበብ ጋር የተያያዘ ነው፤ የሚበላ ያነሰው አባት ከማዕዱ አንድ አፍ ለመቀነስ ይቸኵላል። ወዲያውም በጥቅምት 2013 በሰሜን ጦርነት ስለ ተነሣ፥ ከዚያ በኋላ የደረሰውን ጉዳት ሁሉ ለበሽታው መቍጠር አይቻልም። ስለዚህ ትምህርቴን ከመጋቢት 2012 እስከ ጥቅምት 2013 ባለው ጊዜ ወስኜዋለሁ።

እንደዚህ ያለ ጊዜ ደግሞ ቢመጣ የወረዳ ሹም ሊያደርግ የሚችለው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። የማዳበሪያ ዕዳና ግብር መሰብሰቢያው ጊዜ እህል ከረከሰበት ከታኅሣሥ ጥቂት ቢገፋለት፥ አንዱ ቤት በርካሽ ከመሸጥ ይድናል። በየቀበሌው አንድ በሬ ብቻ የቀራቸውን ቤቶች ጽፎ ሁለት ሁለቱን በመቀናጆ እንዲያርሱ ማስማማት ይቻላል፤ ይህ ሕዝቡ ራሱ የሚያውቀው ሥርዓት ነውና አዲስ ትእዛዝ አይፈልግም። የበሬ መግዣ ብድር የሚሰጥ ከሆነም፥ የሚሰጠው በሬው ከመሸጡ በፊት ዕዳ መክፈያ እንዲሆን ነው እንጂ፥ ከተሸጠ በኋላ በእጥፍ ዋጋ ሌላ በሬ ለመግዛት አይደለም።

በቅጹ ላይ ከኵንታሉ ዐምድ ቀጥሎ ሦስት ዐምዶች ይጨመሩ፤ በዓመቱ በሬ የሸጡ ቤቶች ስንት ናቸው፥ መሬታቸውን በእኩል የሰጡ ስንት ናቸው፥ ከባሕር ማዶ ይመጣላቸው የነበረ ገንዘብ የተቋረጠባቸው ስንት ናቸው። ቅጹም ከግንቦት 15 ቀን በፊት ተሞልቶ ይላክ። በኅዳር ከምርቱ ቍጥር ጋር አብሮ የሚላክ ከሆነ፥ በሬው ከተሸጠ ስድስት ወር አልፎታል።